ግድግዳው የሚያልበው የፒያሳ ፎቶ ቤት፦ ኤግዚቢሽን ቤት ይወጣዋል?

የፎቶቤት_ልጅ · ነሐሴ 14

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፉ ይረዝማልና ቡና የያዘ ሰው ያንብበው።

ፒያሳ ውስጥ አንድ አሮጌ ፎቅ ቤት አለን። ቦታውን አልጠራም፤ የሰፈሩ ሰው ከሆናችሁ ሳልነግራችሁ ትደርሱበታላችሁ። ምድሩ በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግንብ ነው፣ ፎቁ የእንጨትና የጭቃ፣ ፊቱ ላይ የእንጨት ሰገነት፣ ጣራው ቆርቆሮ። አያቴ ምድሩን ፎቶ ቤት አድርጎ ፎቁ ላይ ኖረበት፤ አባቴም እንደዚያው። በ1967ቱ አዋጅ ትርፍ ቤት ሲወረስ የምንኖርበት ስለሆነ ተረፈ። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስም ለጥቂት ተረፈ። ቤቱ መትረፍ ለምዷል።

አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። አራት ልጆች ነን፤ ሦስቱ ለካፌ እናከራየው ይላሉ። እኔ ሁለት ዓመት ስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው። ሐሳቤ ምድሩን የፎቶ ማሳያ ማድረግ ነው። ከአያቴ ጊዜ ጀምሮ የተነሡ ፊልሞች፣ የመስታወት ኔጌቲቮች፣ ባለ ሦስት እግር የእንጨት ካሜራ፣ ፏፏቴ የተሳለበት ትልቅ መጋረጃ፣ ሁሉም አለ።

ችግሩ ግድግዳው ነው። አባቴ በሕይወት እያለ አንድ ተቋራጭ አምጥተን ምድሩን ከውስጥም ከውጭም በሲሚንቶ አስለሰንነው፤ ላዩን ፕላስቲክ ቀለም አስቀባን። አንድ ዓመት አማረብን። ከዚያ ወዲህ ክረምት በገባ ቁጥር ግድግዳው ያልበዋል። ከወለሉ እስከ ወገቤ ድረስ ቀለሙ እንደ ቃጠሎ ቁስል ውሃ ይቋጥራል፤ ሳፈነዳው ነጭ ዱቄት ይረግፋል። ምላሴ ላይ ሞከርኩት፣ ጨው ነው (አትሳቁ)። ሽታው የረጠበ ጆንያ ሽታ። እዚህ ላይ ነው ፎቶ የምሰቅለው?

ተቋራጩ ጋ ብደውል "ውሃ የማያስገባ ሌላ ቀለም እንደርብበት" አለኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ማገር · ነሐሴ 14

ወንድሜ፣ ያንን ቀለም እርሳው።

በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ከመሬት ውሃ ይስባል። ዛሬ አልጀመረውም፣ ከተሠራ ጀምሮ ሲስብ ነው የኖረው። ድሮ ግን ፊቱ የጭቃ ምርጊትና ኖራ ስለነበር ክረምት የጠጣውን በጋ ላይ ይተነፍሰዋል። ሲሚንቶ ያፍነዋል። ውሃው በጎን መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣል፤ ወገብህ ድረስ የደረሰው ለዚህ ነው። ከመሬቱም ከሲሚንቶውም የሟሟ ጨው አብሮት ይጓዝና ውሃው የተነነበት ቦታ ላይ ይቀራል። ሲደርቅ ያብጣል፤ ቀለሙን የሚገፋው እሱ ነው። ዕድሜ ልኩን ጋቢ የለበሰን ሽማግሌ ላስቲክ አልብሳችሁ "ምን ነክቶት አላበው" እያላችሁ ነው።

የሚያሰጋኝ ግን ላብ ብቻ አይደለም። ላዩ ድንጋይ መስሎ፣ ከልስኑ ጀርባ ያለው ጭቃ ገንፎ ሆኖ የቆየ ግድግዳ አይቻለሁ። ስለዚህ ከመቀባትህ በፊት መልስልኝ፦ ቤቱ አሸንዳ አለው? ውጭ ያለው መንገድ ሲነጠፍ ከወለላችሁ በላይ ሆነ ወይስ በታች?

አንድ ሙከራም አድርግ። ፌስታል ቆርጠህ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ግድግዳው ላይ አሽገው። በማግስቱ ጠብታው በግድግዳው በኩል ከሆነ ውሃው ከግንቡ ነው። በክፍሉ በኩል ከሆነ ከአየሩ ነው፤ መስኮት መክፈት ይበቃሃል።

የፎቶቤት_ልጅ · ነሐሴ 16

ወንድሜ ያልከኝ እህትህ ነኝ።

ፌስታሉን ሦስት ቦታ ለጠፍኩ። ሦስቱም ላይ ጠብታው በግድግዳው በኩል ነው። አሸንዳው አንድ ጎን ብቻ ቀርቷል፤ የሌላው ጎን ውሃ ቀጥታ ከግድግዳው ሥር ይወርዳል። የመንገዱን ነገር ስታነሣ ደነገጥኩ። አባቴ "ልጅ ሆኜ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ጫማ የሚጠርጉትን አይ ነበር" ይል ነበር። አሁን በሩ ላይ ያለው ደረጃ አንድ ነው። ሁለቱ ከመሬት በታች ናቸው ማለት ነው?

ማገር · ነሐሴ 16

ይቅርታ እህቴ። አዎ፣ በየጊዜው መንገድ ሲነጠፍ እላይ በላይ ስለሚደረብ አሮጌ ቤቶች ቁልቁል የሰመጡ ይመስላሉ። ሁለቱን ደረጃ ፈልጊያቸው። በግድግዳው ዙሪያ ግማሽ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ተቆፍሮ፣ ጠጠር ተሞልቶ፣ ወደ መንገዱ ቱቦ ዘንበል ይበል። ከመሠረቱ ግርጌ ግን እንዳታልፉ። አሸንዳውን ዛሬ ነገ ሳትዪ አሰቅዪ። ከቤት ዕድሳት ሁሉ ርካሹ ሥራ አሸንዳ ነው፣ ሁሉም የሚረሳው ግን እሱን ነው።

ጋሽ_ለሳኙ · ነሐሴ 17

ልጄ፣ በግንበኝነት 40 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሲሚንቶ ለጭቃ ቤት የመረግሁበትም ጊዜ ነበር፣ ባለቤቱ ካለ ምን ይደረጋል። እና የማውቀውን ልንገርሽ።

ሲሚንቶውን በአንድ ቀን አትገሽልጪው። በመሮና በመዶሻ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሜትር በሜትር ይነሣ። ጃክ ሃመር ይዞ የመጣ ካለ ከበር መልሺው፤ ንዝረቱ ጭቃውን ያራግፈዋል። ባዶ የሆነ ቦታ ሲገኝ እዚያው በድንጋይ ቁርጥራጭና በጭቃ ይሞላ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ከተነሣ በኋላ ራቁቱን ይቆይ። አትቸኩዪ፣ ይድረቅ። ጨውን በደረቅ ብሩሽ ጥረጊው እንጂ በውሃ አትጠቢው፤ ከታጠበ ተመልሶ ይገባል።

ኖራውን ከአሁኑ አጥፊው። ያልጠፋ ኖራ ግዢና በርሜል ውሃ ውስጥ ጥቂት በጥቂት ጨምሪ። ኖራው ወደ ውሃው ነው የሚገባው፣ ውሃ ኖራ ላይ አይፈስስም። ይፈላል፣ ይረጫል፤ መነጽር ያላደረገ ሰው አጠገቡ አይቁም። ከዚያ ከላዩ ውሃ ሳይጠፋ ይተኛ። ሦስት ወር ከተኛ እንደ ቅቤ ይሆናል። አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ።

ለሥረኛው ምርጊት ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ርሶ ሁለት ሦስት ሳምንት ይብላላ። ጎረቤት በጠረኑ ካልተጣላሽ ገና አልደረሰም። በየጠዋቱ በእግር ይረገጥ። ስስ ስስ እየተደረገ ይለሰን፤ ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው እርጥብ ጆንያ ይጋረድበት። አሁን ክረምት ነው፣ ምንም አትንኪ። መስቀል ይለፍ።

ካዛንቺስ_ነበርኩ · ነሐሴ 18

ስለ ጭቃው ጥሩ ትምህርት ነው። ግን ማንም ያልጠየቀውን ልጠይቅ፦ ማን ይመጣል?

አንድነት ፓርክ ከ2012 ጀምሮ ክፍት ነው። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 እዚያው ፒያሳ ተከፍቷል። የኢዮቤልዩው ቤተ መንግሥትም ሙዚየም ሆኗል። መስቀል አደባባይ ላይ የራስ ብሩ ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ ስንት ዘመኑ፤ ከእኛ ውስጥ ስንቱ ገብቶ አይቶታል? በዚህ መሐል የማያውቀውን ሰው ጉርድ ፎቶ ለማየት ትኬት የሚቆርጥ ማን ነው? እንኳን ለጎብኚ፣ ለባለቤቷም ሽንት ቤት ያለው አይመስለኝም። ከፈረሰ ሰፈር የመጣሁ ነኝ፣ ምቀኝነት አይደለም። ግን የተረፈ ቤት ሁሉ ሙዚየም ይሁን ከተባለ የሚኖርበት ሰው አይቀርም። ወንድሞችሽ ካፌ ሲሉም ሞኞች አይደሉም።

የፎቶቤት_ልጅ · ነሐሴ 18

ሽንት ቤት አለ፣ ግቢ ውስጥ። የቀረውን መልስ የለኝም። ሌሊት ሌሊት የምጠይቀው እሱኑ ነው።

የሰባደረጃ_ልጅ · ነሐሴ 19

አንቺ የማን ልጅ እንደሆንሽ አወቅሁ። ስም አልጠራም፣ ግን ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ፊት ቆሜ የተነሣሁት ፎቶ እስከ ዛሬ ቁም ሣጥኔ ውስጥ አለ። ለጥምቀት ነው። እናቴ አዲስ ጫማ ገዝታልኝ፣ ጫማው ጠቦኝ፣ ፊቴ ኮሶ የጠጣ ሰው ነው የሚመስለው። አያትሽ ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ገብቶ "ወፏን እያት" ሲል "የታለች?" ብዬ አስቸገርኩት።

ግን አንድ ነገር ላርምሽ። ፎቶ የምንነሣው ምድር ላይ አልነበረም። ምድሩ ገንዘብ የሚከፈልበትና ፎቶ የሚታጠብበት ነበር። የምንነሣው ደረጃ ወጥተን ፎቁ ላይ፣ ጣራው ግማሹ መስታወት የሆነ ክፍል ውስጥ ነው። ሰማዩ ይታይ ነበር። ዝናብ ሲመታው ጩኸቱን አልረሳውም።

የፎቶቤት_ልጅ · ነሐሴ 21

እትዬ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ትናንት በጓሮ በኩል ያለውን የፎቅ ክፍል አቡጀዲ ኮርኒስ ጥግ ላይ ቀደድኩት። አባቴ የተኛበት ክፍል ነው፤ 30 ዓመት ቀና ብዬ ያየሁት ኮርኒስ። ከአቡጀዲው በላይ የብረት ፍሬም አለ፣ በሰሜን በኩል ያለውን የጣራ ክንፍ ሙሉ ይዞ። ስድስቱ መስታወት ቦታቸው ላይ ናቸው፣ ጥቀርሻ ለብሰው። ከነሱ በላይ ቆርቆሮ ተመትቶባቸዋል። ማንም አልነገረንም።

ማገር · ነሐሴ 21

ይህ ቤት ተራ ፎቶ ቤት አልነበረም ማለት ነው። መብራት እንደ ልብ ባልነበረበት ዘመን የፎቶ ስቱዲዮ የሚሠራው እንዲህ ነበር፣ በሰሜን በኩል በሚገባ የሰማይ ብርሃን። የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበሩት አርመኖቹ ቦያጂያኖች በሠሩበት ዘመን የነበረ ጥበብ ነው።

እዚህ ላይ የምወደው ነገር አለ። ሰሜን የተመረጠው አውሮፓ ውስጥ ፀሐይ በዚያ በኩል ስለማትመጣ ነው። አዲስ አበባ ግን 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ግድም ቀትር ላይ ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ነች። ስለዚህ አያትሽ መስታወቱ ሥር የሚሳብ መጋረጃ ሳይኖረው አይቀርም። ፍሬሙ ላይ ቀለበት ወይም ሽቦ ፈልጊ።

የፎቶቤት_ልጅ · ነሐሴ 21

ቀለበቶች አሉ። አሥራ አራት። ትናንት ሳያቸው የልብስ ማድረቂያ ገመድ ቅሪት መስለውኝ ነበር።

ሣጥን_ከፋች · ነሐሴ 22

ደስታችሁን ላደፈርስ ነው፣ ይቅርታ። የምሠራው በክምችት ክፍል ውስጥ ነው፤ ዕለት ተዕለት የማየው ብርሃን የበላውን ነገር ነው።

ያንን ጣራ ከከፈትሽ ሥሩ አንድም ኦሪጂናል እንዳይሰቀል። ለድሮ ፎቶ ወረቀት የምንፈቅደው ብርሃን 50 ሉክስ ግድም ነው። ቀትር ላይ ውጭ ያለው ፀሐይ ወደ 100,000 ይጠጋል። ፒያሳ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌቱ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሉክስ የሚለካ መተግበሪያ ስልክሽ ላይ ጫኚ፤ ትክክለኛ ባይሆንም ያስደነግጣል። ለእይታ ቅጂ ስቀዪ፣ ኦሪጂናሉ ሣጥን ውስጥ ይተኛ።

ሣጥኑስ የት? ፎቁ ላይ አይደለም፤ ቆርቆሮ ሥር ቀን ይጋገራል፣ ሌሊት ይበርዳል። ምድሩ ላይ፣ ግን ሲደርቅ፣ ውጭ ግድግዳ በማይነካ ውስጠኛ ክፍል፣ መደርደሪያው ከወለል 15 ሳንቲም ከፍ ብሎ። እስከዚያ ከዚያ ቤት አውጫቸው። እህትሽ ኮንዶሚኒየም ካላት አልጋዋ ሥር ይሻላል፣ እውነቴን ነው። የመስታወት ኔጌቲቮቹ በረጅም ጎናቸው ይቁሙ፤ እላይ በላይ ከተነባበሩ የታችኛው ይሰነጠቃል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ፊልሞቹን አሽቺ። አቼቶ አቼቶ የሚሸት ካለ አሴቴት የሚባለው የፊልም ዓይነት ነው፤ እየሞተ ነው፣ ለይተሽ አስቀምጪው። ቢጫ ወደ ቡናማ ሄዶ የሚያጣብቅና አፍንጫ የሚሰነጥቅ ሽታ ያለው ካለ ግን ናይትሬት የሚባለው ተቀጣጣይ ፊልም ሊሆን ይችላል፤ እ.ኤ.አ. እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ይመረት ነበር። አንዴ ከተያያዘ ኦክስጅን ከራሱ ስለሚያወጣ በውሃ አይጠፋም። ጠርዙ ላይ በእንግሊዝኛ "ሴፍቲ" የሚል ከተጻፈበት ናይትሬት አይደለም። ካልተጻፈበት በመብራትና በምድጃ አጠገብ አታስቀምጪው፣ የሚያውቅ ሰው ጥሪ። ጣይቱ ሆቴል ጥር 2007 ሲቃጠል ያየን ሰዎች የእንጨት ቤት ምን ያህል እንደሚቸኩል እናውቃለን።

ካዛንቺስ_ነበርኩ · ነሐሴ 22

እንግዲህ ፎቁ ላይ በብርሃኑ አይሰቀልም፣ ምድሩ ላይ በእርጥበቱ አይቀመጥም። ምን ቀረ?

የሰባደረጃ_ልጅ · ነሐሴ 22

መነሣት ነዋ የቀረው። ሰው ይነሣበት! መጋረጃውን አስቀድታችሁ ቅጂውን ስቀሉ፣ ጣራውን ክፈቱ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፎቶ አንሺ ይግባ። የልጅ ልጆቼን ይዤ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። ትኬት አልቆርጥም፣ ለፎቶ ግን እከፍላለሁ።

ካዛንቺስ_ነበርኩ · ነሐሴ 22

እትዬ፣ እኔም ለዚህ እከፍላለሁ። እጄን ሰጠሁ።

ቦሌ_አርክ · ነሐሴ 24

ከተሠራ አይቀር በደንብ ይሠራ። አፍሪካ አዳራሽን እዩ። አርቱሮ ሜዜዲሚ ነድፎት በ1953 ተመረቀ፣ ጥቅምት 2017 ታድሶ ሲከፈት አዲስ ሆኖ ነው። የሰገነቱን አሮጌ እንጨት በሙሉ አውርዳችሁ ተመሳሳይ አዲስ አሠርታችሁ ብትሰቅሉ፣ ጭቃውንም በብሎኬት ብትተኩት 50 ዓመት አትነኩትም። ከውጭ ያው ነው የሚመስለው።

ማገር · ነሐሴ 24

አፍሪካ አዳራሽን እንኳን ለዚህ ባትጠቅሰው። የአፈወርቅ ተክሌን 150 ካሬ ሜትር ባለ ቀለም መስታወት አውርደው በአዲስ ተኩት? አልተኩትም፤ እሱኑ ነው ያዳኑት። የተባበሩት መንግሥታት 56.9 ሚሊዮን ዶላር የፈቀደው አዳራሹ ግንቦት 1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ሆኖ እንዲቀጥል እንጂ እሱን የሚመስል ሌላ ቤት እንዲሠራ አይደለም። በብሎኬት ተሠርቶ ከውጭ ያው የሚመስል ቤት የፊልም ቀረጻ መድረክ ነው።

የጎብኚ ነገር ከተነሣ ግን ትክክለኛው ጭንቀት ወለሉ ነው። የመኖሪያ ቤት ወለል የሚሰላው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ግድም ይሸከማል ተብሎ ነው፣ የኤግዚቢሽን አዳራሽ እስከ 500። የፎቁን ወራጆች መሐንዲስ አሳዪ። እስከዚያ ፎቁ ላይ በአንዴ ከስምንት ሰው በላይ እንዳይወጣ፣ ደረጃው ሥር አንድ ሰው ቆሞ ይቁጠር።

ጋሽ_ለሳኙ · ነሐሴ 25

ስለ ሰገነቱ እኔም ልናገር። እንጨቱን ሳየው (ፎቶውን ላከችልኝ) ከላይ ጤነኛ ነው። ዝግባ ይመስለኛል። ጥርብ ጌጡም አልነቀዘም። የበሰበሰው የጥግ ምሰሶው እግር ብቻ ነው፣ አንድ ክንድ የሚሆነው፤ አሸንዳው በሌለበት በኩል ያለው። ለአንድ ክንድ ብስባሽ ሙሉ ሰገነት አይወርድም። ምሰሶው በግንዲላ ተደግፎ፣ ብስባሹ እስከ ጤነኛው ድረስ ተቆርጦ፣ አዲሱና አሮጌው በግማሽ ውፍረት ተፈልፍለው አንዱ በሌላው ላይ ይጋደማሉ። ሚስማር ሳይሆን የእንጨት ችንካር። ሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይግባበት፣ መሬት እንዳይነካ።

ማገር · ነሐሴ 25

ልክ ነዎት ጋሽዬ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ አዲሱ ቁራጭ አዲስ መሆኑ ይታወቅ። እ.ኤ.አ. በ1964 በቬኒስ የወጣው የጥበቃ ቻርተር የሚለውም ይህንኑ ነው፤ የተተካው ከጠቅላላው ጋር ይስማማ፣ ግን ተመልካቹን አያታልል።

ጋሽ_ለሳኙ · ነሐሴ 25

እንደ ወርቅ ጥርስ ፊት ለፊት ይብለጭለጭ? እኔ የምኮራው መጋጠሚያው ሳይታይ ሲቀር ነው። 40 ዓመት የለፋሁበት ለሱ ነው።

ማገር · ነሐሴ 25

ቅርጹ ያው ይሁን፣ እንጨቱ ያው ዓይነት ይሁን። ግን ቀለም ቀብተን አናርጀው። ጀርባው ላይ ደግሞ ዓመተ ምሕረቱ በጋለ ብረት ይተኮስ። ሊጠግነው የሚመጣው የልጅ ልጅዎ የቱ የእርስዎ እጅ እንደሆነ እንዳይጠፋው።

ጋሽ_ለሳኙ · ነሐሴ 26

የልጅ ልጄ አይቲ ነው። ግን ይተኮስ፣ ተስማምተናል።

ሣጥን_ከፋች · ነሐሴ 28

ከመዶሻ በፊት ወረቀት። ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ቅድሚያ ፈቃድ አይነካም። በከተማው ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ ዝርዝር ውስጥ መኖሩንም ጠይቂ። እያንዳንዱን ግድግዳ መለኪያ ሜትር እያስያዝሽ ፎቶ አንሺ፣ መቼም የፎቶ ቤት ልጅ ነሽ። ኋላ "ድሮ እንዲህ ነበር" ማለት የሚቻለው በዚያ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ሄደሽ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ሙዚየም እዪ። ስለ ቅርሶቹ ብዬ አይደለም። የንጉሡ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት በነበሩበት ቀርተዋል። ሰው ሥዕልና መስቀል ሲያይ ቆይቶ እዚያ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ማንም ጽሑፍ አላስነበበውም፤ ቤት ውስጥ መሆኑን ድንገት ስለሚያስታውስ ነው። የአባትሽን ክፍል ስታዘጋጂ ያንን አስቢበት፤ አልጋውን ለማውጣት አትቸኩዪ።

የፎቶቤት_ልጅ · ጥቅምት 9

የት ጠፋሽ ላላችሁኝ፦ ቢሮ ለቢሮ ስዞር ነበር። አንዱ ጋ ፋይሉ የለም፣ ሌላው ጋ ፋይሉ አለ፣ የፈረመው ሰው የለም። ሰባት ሳምንት ፈጀ፣ ግን ፈቃዱ ወጣ። ፊልሞቹ እህቴ ጋ ናቸው። ናይትሬት ሊሆን የሚችል አንድ ጣሳ ተገኘ፤ የሚያውቅ ሰው መጥቶ ወስዶታል። አሸንዳው ተሰቅሏል። ቦዩ ሲቆፈር ሁለቱም ደረጃዎች ተገኙ! አንዱ መሐሉ ጎድጉዷል፣ የአባቴ ቂጥ ነው ብለን ወሰንን።

ኖራው በሁለት በርሜል ተኝቷል። ሲፈላ ጎረቤት እሳት አደጋ ሊጠራ ነበር።

የፎቶቤት_ልጅ · ኅዳር 3

አንድ ነገር ላሳያችሁ ነው የገባሁት።

ከትናንት በስቲያ በስተ ግራ ያለውን ግድግዳ ሲሚንቶ ስናነሣ፣ ድሮ ጠረጴዛው በነበረበት በኩል፣ ትከሻዬ ከፍታ ላይ፣ አሮጌው ኖራ ሳይረግፍ ቀረ። ፈዛዛ ሰማያዊ ነው። ላዩ ላይ በእርሳስ ተጽፏል። መጀመሪያ የግንበኛ ልኬት መስሎኝ ነበር። ባትሪ ከጎን ሳበራበት ግን ተነበበ፦ "ጉርድ 6፣ ሐሙስ"፣ "ቤተሰብ 1 ትልቅ፣ ቀብድ ሰጥተዋል"፣ "ሙሽሮች፣ እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ"። ከሥሩ ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ ተሰምሮበት፦ "አልከፈለም"። የአያቴ እጅ ጽሑፍ ነው፤ "ሐ"ዋን ሲጽፍ አንዷን እግር ያስረዝማል።

ተቋራጩ ሲሚንቶውን የመረገው እዚህ ላይ ነው። ግማሹ ጽሑፍ ከልስኑ ጋር ተላቆ ሄዷል። የተላቀቀውን ቁራጭ ገልብጬ አየሁት፣ እርሳሱ ተገልብጦ ተለጥፎበታል። ሁለት ቁራጭ ሣጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ።

ምን ልቀባበት? አንዱ "ቫርኒሽ ርጪበት" አለኝ።

ሣጥን_ከፋች · ኅዳር 3

ምንም እንዳትረጪ! ቫርኒሽ ሲሚንቶው የሠራውን ነው የሚሠራው፣ ያፍነዋል፤ ቆይቶም ቢጫ ሆኖ ይላጣል። በእጅ አትንኪው፣ አቧራውንም አትጥረጊ። ዛሬውኑ በአራት አቅጣጫ ከጎን ብርሃን እየሰጠሽ ፎቶ አንሺው። ጠርዙ ዙሪያ ያለውን ኖራ ጋሽ ለሳኙ በስስ የኖራ ቅልቅል እንዲያሲዙት፣ እንዳይላቀቅ። ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ መስታወት ይቁምለት፣ ከግድግዳው አራት ጣት ርቆ፣ ከላይም ከታችም ክፍት ሆኖ። ቅርብ ብርሃን አይምጣበት። ቁራጮቹን ጣይው የሚልሽን አትስሚ፤ የተገለበጠውን ጽሑፍ በመስታወት ማንበብ ይቻላል።

ጋሽ_ለሳኙ · ኅዳር 3

መጥቼ አሲዘዋለሁ። ያንን ጥግ ለሌላ ሰው እንዳትሰጪብኝ።

የሰባደረጃ_ልጅ · ኅዳር 4

"ቤተሰብ 1 ትልቅ" የሚለው የኛ ነው እንዳልል ዕዳው አስፈራኝ። "አልከፈለም" የሚለው ሥሩ ነው ያልሽው ወይስ ከጎኑ?

የፎቶቤት_ልጅ · ኅዳር 4

ከሙሽሮቹ ሥር ነው እትዬ፣ ይረጋጉ።

ወንድሞቼ እሑድ መጥተው ግድግዳውን አዩት። ትልቁ ብዙ ቆመና "ካፌው ይቆይ" ብሎ ወጣ፤ ይለፍ አላለም፣ ይቆይ ነው ያለው። እሱም ይበቃኛል። የጣራው መስታወት የሚወለወለው ከገና በፊት ነው፤ የተሰበሩት አራቱን የሚቆርጥ ሰው አግኝቻለሁ። ጭቃው ሁለት ሳምንት ተኩል ሆኖታል፣ በደንብ ይሸታል። ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ይረገጣል። ካዛንቺስ ነበርኩ፣ "ማን ይመጣል" ብለህ ነበር፣ አንተ ና። ቦት ጫማ አያስፈልግም፣ በባዶ እግር ነው። ቁርስ ፍርፍር አለ።